የቪትዝ ሞተሪኖ ብሎን አልደረስ አለኝ፤ ለጠባብ ቦታ የሚሆን ርካሽ ቁልፍ ከየት ላግኝ?

ጀሞው ሹፌር

ሰላም ወንድሞችና እህቶች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

የምነዳት ቪትዝ ናት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ሰው እጭንባታለሁ። የቤታችን እንጀራ ከእሷ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ላስነሳት ስል «ጭክ» ትልና ዝም። ሦስት አራት ጊዜ ስሞክር ትነሳለች። ባትሪውን አስለካሁት፤ ጤነኛ ነው። ጓደኛዬ ውስጥ ሆኖ ሲያስነሳ እኔ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር) በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጌ መታ መታ ሳደርገው ወዲያው ተነሳች። ስለዚህ ሞተሪኖው ወርዶ መታየት አለበት።

ቅዳሜ ማታ ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፍቼ ጀመርኩ። ሁለት ብሎን ነው የያዘው። የታችኛው ያለ ብዙ ትግል ላላ። የላይኛው ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አታገለኝ። እጄ ይገባል። ጣቴ የብሎኑን ራስ ይነካዋል። ራቼቱ (ወዲያና ወዲህ ሲባል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዞረው እጀታ) ከነሶኬቱ ሲገባ ግን ጭራው ከቱቦ ጋር ይጋጫል። ተራውን 14 ቁጥር ቁልፍ ስከት ደግሞ ትንሽ ዞር ይልና ይቆማል። አውጥቼ እንደገና ልይዘው ስል ቦታ የለም።

ይባስ ብሎ ከዚህ በፊት አንድ ጋራዥ ፈቶት ነበርና የብሎኑ ጥግ ትንሽ ተልጧል። ከእግረኛ መንገድ ላይ የገዛሁት ቁልፍ ጉልበት ስሰጠው አፉ ተከፈተ። ሸርተት ብሎ ሁለት ጣቴን ቆረጠኝ።

ጋራዥ አስገባት የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለአንድ ብሎን ብላ ሙሉ ቀን ከቆመች ግን የዕለቱ ገቢ ቀረ ማለት ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። አባቴ መካኒክ ነበር። ሲያርፍ እኔ ልጅ ነበርኩና የቁልፍ ሳጥኑ ተሸጠ። ቀስ በቀስ የራሴን ሳጥን መሙላት እፈልጋለሁ።

ሰኞ ሶማሌ ተራ ወርጄ ጠየቅሁ። ቀለበቱ (ብሎኑን ዙሪያውን የሚይዘው ጫፉ) እንደ ራቼት የሚዞረውን ቁልፍ በሴት፣ ማለትም በሙሉ ስብስብ ነው የምንሸጠው አሉኝ፤ 9,500 ብር። የብር ምንዛሬ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ወደ ላይ ነው። እኔ ለዚህ ሥራ ማውጣት የምችለው 3,000 ብር ነው። ያውም ካልበለጠ።

እና ጥያቄዬ፣ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ በእርግጥ የሚያስፈልገው የትኛው ቁልፍ ነው? ሙሉ ሴት መግዛት ግዴታ ነው? ያለኝን ቁልፍ አሳጥሬ ወይም አጥፌ ብሠራስ ይሆናል? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

አዳማ ጋሼ

ልጄ፣ ጣትህን ይማርልህ። አዳማ ላይ 31 ዓመት መኪና ስር ተኝቻለሁ። ቪትዝም ሆነ ዶልፊን፣ ነገሩ አንድ ነውና በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ይህን ሳትጽፍ ስለቀረህ ፈራሁልህ። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቀጥታ ከባትሪው ነው የሚመጣው። መኪናዋ ብትጠፋም እሳት (ኤሌክትሪክ) አለበት። ቁልፍህ አንድ ጫፉ እሱን፣ ሌላው ጫፉ ብረት ከነካ በዓይንህ ፊት ይቀልጣል። አንድ ተማሪዬ የብረት ሰዓት አድርጎ ገብቶ የእጅ አንጓው ላይ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለ። ሰዓትም ቀለበትም አውልቅ።

ቀጥሎ፣ ቁልፍ ከመግዛትህ በፊት መንገዱን ክፈት። ወጣቶች ስትባሉ የተደበቀ ብሎን ስታዩ እጃችሁን በቀዳዳው ታሾልካላችሁ። ለምን? ባትሪውን አውጣ። ባትሪው የተቀመጠበትን ሳህንም አውጣ። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ከነቱቦው አንሳ። ይህ ሁሉ በ10 እና በ12 ቁጥር የሚፈታ ነው። ሩብ ሰዓት አይፈጅብህም። ከዚያ በኋላ ያ ብሎን ፊት ለፊትህ ባይሆን እንኳ ክንድህ እስከ ክርን ይገባል። በብዙ መኪና ላይ «ልዩ ቁልፍ ይፈልጋል» የተባለ ብሎን እንዲህ ሆኖ በተራ ቁልፍ ሲፈታ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ቁልፉ። ሙሉ ሴት አትግዛ። ገንዘብህን ይበላዋል። የጃፓን መኪና ላይ የምታገኘው አብዛኛው ብሎን 10፣ 12፣ 14 እና 17 ነው። 6 ሚሊ ብሎን ራሱ 10 ነው። 8 ሚሊው 12፣ 10 ሚሊው ደግሞ 14 ነው። ሴቱ ውስጥ ያሉት 9፣ 11፣ 13፣ 15፣ 16 አንተ ሳጥን ውስጥ ዝገት ነው የሚጠብቃቸው። 13 የአውሮፓ መኪና ነው። የድሮ ላዳ ታክሲ የሠራ ሰው 13 እና 17 ከእጁ አይለዩም ነበር። ለቪትዝህ ግን በእነዚያ አራት ቁጥሮች ላይ ብቻ ጥሩ ነገር ግዛ።

ለምን ቁልፍህ ዞር ብሎ እንደቆመ ላስረዳህ። ብሎኑ ስድስት ጎን ነው። አፉ ክፍት የሆነ ቁልፍ ቀጣዩን ጎን ለመያዝ 60 ዲግሪ መዞር አለበት። ግን አፉን ልብ ብለህ እየው፤ ከእጀታው ጋር ቀጥ አላለም። 15 ዲግሪ ገደማ ዘመም ብሏል። ለውበት እንዳይመስልህ። ትንሽ ታዞራለህ፣ ታወጣለህ፣ በጀርባው ትገለብጠዋለህ፣ መልሰህ ትከታለህ። እንዲህ ሲሆን 30 ዲግሪ ይበቃዋል። ቀለበቱ ውስጥ 12 ጥርስ ያለው ቁልፍም በ30 ዲግሪ አዲስ መያዣ ያገኛል፤ መገልበጥም አያሻውም።

የአንተ ብሎን ግን ጥጉ ተልጧል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያላላውን በክፍት አፍ አትሞክር። 6 ጥርስ ያለው ቀለበት ወይም 6 ጥርስ ያለው ሶኬት ይሁን። የብሎኑን ጥግ ሳይሆን ጎኑን ነው የሚገፋው። አንዴ «ጠቅ» ብሎ ከላላ በኋላ የቀረውን በጣትህም ትጨርሰዋለህ።

ማታውን ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አድርግበትና እደር። ጠዋት ስትፈታው ቀስ እያልክ አትግፋ። ቁልፉን በደንብ አስቀምጥና እጀታውን በመዳፍህ በድንገት ምታው። እጅህን አትጨብጥ፣ መዳፍህን ዘርጋ። ቢሸረተት ጣትህ አይቆረጥም።

መታ ስታደርገው ከተነሳ ደግሞ ካርቦኑ (ሞተሪኖው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ሳያልቅ አይቀርም። ከወረደ አይቀር እሱን አስቀይረው።

ቤቲ ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ ሁሉን ብለውታል፤ እኔ በራቼቱ ቁልፍ ላይ ብቻ ልጨምር። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የራሴን ኮሮላ ራሴ ነው የምሠራት። እዚህ ጋራዥ የሚያስከፍሉት በሰዓት ስለሆነ አንድ ብሎን ላይ አንድ ሰዓት ከቆዩ ሂሳቡ አንተን ነው የሚጠብቅህ።

ቀለበቱ የሚዞረው ቁልፍ ለጠባብ ቦታ እውነትም ይጠቅማል። 72 ጥርስ ያለው በ5 ዲግሪ እንቅስቃሴ ይሠራል። አምስት ዲግሪ ማለት እጀታው የጣት ስፋት ያህል ወዲያና ወዲህ ከተንቀሳቀሰ በቂ ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በል።

አንደኛ፣ የተጣበቀ ብሎን በእሱ አታላላ። ውስጡ ያሉት ጥርሶች ትንንሽ ናቸው፤ ይሰበራሉ። መጀመሪያ በተራው ቀለበት «ጠቅ» አድርገው፣ ከዚያ ራቼቱን አግባ። እኔ አንድ 12 ቁጥር እንዲህ ነው የሰበርኩት።

ሁለተኛ፣ ይህን ማንም አይነግርህም። አንዳንዱ ራቼት ቁልፍ መመለሻ የለውም። አቅጣጫ ለመቀየር ገልብጠህ ነው የምትከተው። ጠባብ ቦታ ላይ ስትፈታ ብሎኑ እየወጣ እየወጣ ይመጣና የብሎኑ ራስ ከፊቱ ያለውን ብረት ይነካል። ቁልፉ መሐል ላይ ይቀራል። ማውጣት አትችልም፣ መመለስም አትችልም። የዲናሞ ብሎን ላይ ደርሶብኝ ዲናሞውን ሙሉ በሙሉ ማላላት ነበረብኝ። ስለዚህ ከገዛህ ትንሿ መመለሻ ያለችውን ምረጥ። ቀለበቷ ትንሽ ብትወፍርም ይሻላል።

እዚህ ያሉ ወገኖች ደግሞ ስሙኝ። ሃርበር ፍሬይት የሚባለው መደብር ፒትስበርግ የሚል ስም ያላቸው የእጅ መሣሪያዎች ይሸጣል። ርካሽ ናቸው፤ የዕድሜ ልክ ዋስትናም አላቸው። ቤት ሲለቀቅ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ የሚያወጡት ዕቃ ላይም የድሮ የአሜሪካ ቁልፍ በሳንቲም ይገኛል። ብቻ ቁጥሩን እዩ። የድሮው አብዛኛው በኢንች ነው፤ ለቶዮታ አይሆንም። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ካለ ሦስት ቁልፍ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ግን በእጅ ሻንጣ አይደለም። ከ7 ኢንች በላይ የሆነ መሣሪያ ፍተሻ ላይ ይወሰዳል። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ።

ወንድሜ ጀሞው፣ እኔ ለፋሲካ እመጣ ነበር፤ ዘንድሮ አልተሳካም። ቢሳካ ኖሮ 14 ቁጥሯን ይዤልህ እመጣ ነበር።

የሞርሳው ልጅ

እኔ መርካቶ ነው የምሠራው፣ ብየዳ ቤት። መካኒኮች ቁልፍ ይዘው ይመጣሉ፤ «ይህን አሳጥርልኝ፣ ያንን አጥፍልኝ» ይላሉ። በሳምንት ሁለት ሦስት አይጠፋም። ስለዚህ አዎ፣ ይሠራል። አሠራሩን ግን እወቅ።

መጀመሪያ ቁልፉን ምናለሽ ተራ ሄደህ ግዛ። አዲስ አይደለም፣ አሮጌ። ከተፈታ መኪና፣ ከተዘጋ ወርክሾፕ የመጣ ዕቃ ክምር ውስጥ ታገኛለህ። ክምሩ ውስጥ እጅህን ከተህ ፈልግ፤ ፊት ለፊት የተደረደረው ተወልውሎ ዋጋ የተጨመረበት ነው። የጃፓኑን ኬቲሲ፣ የጀርመኑን ገዶሬ ካየህ አትለፈው። የታይዋኑ ኪንግ ቶኒም ደህና ነው። ከድሮ ቶዮታ ጋር በጨርቅ ቦርሳ ይመጣ የነበረው ባለ ሁለት አፍ ቁልፍም ጥሩ ብረት ነው።

«ክሮም ቫናዲየም» (ጠንካራ ብረት ነው ለማለት) የሚለውን ጽሑፍ አትመን። መዶሻና ማህተም ያለው ሁሉ ይጽፈዋል። እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው። ኪሴ ውስጥ ያልተላጠ 14 ቁጥር ብሎን ይዤ እሄዳለሁ። ቁልፉን አስገባዋለሁ። እንደ ልቡ ከተወዛወዘ አፉ ተከፍቷል፤ እተወዋለሁ። ቀለበቱን ወደ ብርሃን አድርጌ ውስጡን አያለሁ። ጥርሶቹ ሹል መሆን አለባቸው። ከዶለዶሙ እተወዋለሁ። አንገቱ ላይ የብየዳ ጠባሳ ካለም አልነካውም።

አሁን ሥራው። ማሳጠር ቀላሉ ነው። ሞርሳ (ብረት ጠፍንጎ የሚይዝ ማሠሪያ) ላይ አስረህ በሲጌቶ (የብረት መጋዝ) ወይም በግራይንደር ግማሹን ቁረጥ። መዳፍህ ውስጥ የሚገባ አጭር ቁልፍ ይሆናል። የቆረጥክበትን ጫፍ በሞረድ አለስልሰው፤ አለበለዚያ መዳፍህን ይበላዋል። ግራይንደር ስትጠቀም በየጥቂት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ ንከረው። ብረቱ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬው ሄዷል። ሰማያዊው እጀታው ላይ ከሆነ ግድ የለም። ወደ ቀለበቱ ከደረሰ ግን ቁልፉ ተበላሸ። መነጽር ሳታደርግ ግራይንደር አትንካ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም።

ማጠፍ ሌላ ነው። የኦክስጅን እሳት ያስፈልጋል። ቀለበቱን በረጠበ ወፍራም ጨርቅ ጠቅልለህ ታስራለህ፤ ሙቀቱ እዚያ እንዳይደርስ። አንገቱን ብቻ ቀይ እስኪሆን ታሞቀዋለህ። ከዚያ ሞርሳው ላይ ቀስ ብለህ ታጥፋለህ። ውኃ ውስጥ አትጨምረው፤ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። አሸዋ ላይ አስቀምጠውና በራሱ ይቀዝቅዝ። የታጠፈው ቦታ ከበፊቱ ይለሰልሳል። ለ14 ቁጥር ሞተሪኖ ብሎን ግን ይበቃል።

አንዳንድ ጊዜ ችግሩ እጀታው ሳይሆን የቀለበቱ ውፍረት ነው። ከብሎኑ ጎን ያለው ግድግዳ አያስገባውም። ያኔ የቀለበቱን ውጪ በሞረድ ትንሽ ማሳሳት ነው። በሞረድ፣ ደግሜ እላለሁ። ግራይንደር ሁለት ሰከንድ ውስጥ ያሞቀዋል።

እኔ ዘንድ ብትመጣ ለማሳጠር የማስከፍለው ብዙ አይደለም። ግን ሞርሳ ካለህ ራስህ ሥራው።

ዲዛየር ሐዋሳ

ይቅርታ በመሐል ልግባ። የእኔ ሱዙኪ ዲዛየር ነው። 10፣ 12፣ 14፣ 17 የተባለው ለእኔም ይሆናል? ደግሞ የፊት ጎማ የፍሬን ቱቦ ላይ ያለውን ዳዶ በክፍት ቁልፍ ስፈታ ሊላጥ ምንም አልቀረውም። ለዚያ ምን ይሻላል?

አዳማ ጋሼ

ይሆናል። ሱዙኪም የጃፓኑን ሥርዓት ነው የሚከተለው። በእነዚያ ቁጥሮች ትሠራለህ።

የፍሬን ቱቦውን ግን በተራ ክፍት ቁልፍ አትንካው። ያ ዳዶ ለስላሳ ነው፤ ክፍት አፍ ሁለት ጎኑን ብቻ ስለሚይዝ ይልጠዋል። ቀለበት ደግሞ ቱቦው ስላለበት አይገባም። ለእሱ የተሠራ አለ። ቀለበት ሆኖ አንድ ቦታ ላይ የተሰነጠቀ፣ ቱቦው በስንጥቁ የሚያልፍበት። አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር ነው የሚያስፈልግህ። አንድ ብቻ ግዛ። ፍሬን ነውና እዚህ ላይ አትቆጥብ። ከሠራህ በኋላም አየሩን ሳታስወጣ እንዳትነዳ።

አያት አካባቢ

እኔ በተቆረጠ ቁልፍ አልስማማም። ጎረቤቴ አሳጥሮ የሠራው ቁልፍ ተሰብሮበት ግንባሩን መታው። ሰው ሕይወቱን ለ500 ብር አይስጥ። አንድ ቀን ይቆጥብና ደህናውን ይግዛ።

የሞርሳው ልጅ

ወንድሜ፣ ስለ ጎረቤትህ አዝናለሁ። ግን የተሰበረው የት ነው? የተቆረጠ ቁልፍ እጀታው አጭር ስለሆነ የምትሰጠው ጉልበትም ያንሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ሰው ቱቦ ሰክቶ ሲያራዝመው ነው፤ ወይም አፉ ሲሞቅ የተበላሸ ከሆነ ነው። እኔ የሠራሁትን ቁልፍ ለማን እንደምሰጥ አውቃለሁ። ለጎማ፣ ለእግር ስር ብሎኖች፣ ለቴስታታ (የሞተሩ ራስ) አልሠራም። ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እምቢ እላለሁ።

አዳማ ጋሼ

ልጁ እውነቱን ነው። ከ10 እስከ 14 ቁጥር ባለ ብሎን ላይ የተሠራ ቁልፍ ይዤ ኖሬአለሁ። ከዚያ በላይ ግን ሙሉ ቁልፍ።

አንድ የረሳሁት አለ። ጠባብ ቦታ ሲባል ሁልጊዜ አጭር ቁልፍ ታስባላችሁ። አንዳንዴ መልሱ ረጅም ነው። ከብሎኑ አጠገብ ቦታ ከሌለ ከሩቅ ና። ማራዘሚያ በማራዘሚያ ላይ ሰክተህ፣ መሐሉ ላይ በየአቅጣጫው የሚታጠፈውን መገጣጠሚያ አድርገህ፣ ከመኪናው ስር ወይም ከጎማው በኩል ወደ ብሎኑ ላከው። እጅህ ውጪ ነው፤ ራቼቱ እንደ ልቡ ይዞራል። እኔ ዶልፊን ላይ 60 ሳንቲም ማራዘሚያ ደርቤ ነው የምፈታው። መገጣጠሚያው ላይ ፕላስተር ጠቅልልበት፤ ካልሆነ ወዲያና ወዲህ ይወድቅብሃል። መኪና ስር ከገባህ ደግሞ ክሪክ ብቻ አትመን። መቆሚያ ብረት ወይም ደህና ግንድ አስገባ።

ብሎኑን ስትመልስ በጣትህ ጀምረው። ጣት ካልደረሰ ሶኬቱ ውስጥ ትንሽ ግራሶ ቀባ፤ ብሎኑ ይጣበቅና አይወድቅም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙር በጉልበት ያሰረ ሰው የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) የብሎን ቀዳዳ ጥርስ ይበላል። ካምቢዮው አሉሚኒየም ነው።

ጀሞው ሹፌር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠርቻለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ኪሴ ውስጥ አዲስ 14 ቁጥር ብሎን ይዤ። ክምሩ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ሰባት ስምንት ቁልፍ ሞክሬ አምስቱ ተወዛወዙ። መጨረሻ ላይ አንድ ባለ 14 እና 12 ቀለበት አገኘሁ። ዝጓል፤ ስጠርገው ግን ጥርሱ ሹል ነው። ኬቲሲ ይላል። ሰውዬው 600 አለኝ፤ በ450 ተስማማን። ሌላ ተራ 14 ቁጥር ክፍት ቁልፍ በ150 ጨመርኩ፤ እሱን ለመቁረጥ ነው። ከሶማሌ ተራ ደግሞ 6 ጥርስ ያለው 14 ሶኬትና አንድ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ገዛሁ። ማራዘሚያ ጓደኛዬ አዋሰኝ። በጠቅላላ 1,400 ብር አልሞላም።

ማታ ነጭ ጋዙን አድርጌ አደርኩ። ጠዋት ኔጌቲቩን ፈታሁ። ጋሼ፣ ሰዓቴንም አወለቅኩ። ባትሪውን፣ ሳህኑን፣ የማጣሪያውን ሳጥን አነሳሁ። በእውነት 14 ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ስጨርስ ቁጭ ብዬ አየሁት። ያ ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ያታገለኝ ብሎን ይታያል! ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ራሱ ይታያል።

ሶኬቱን በማራዘሚያውና በመገጣጠሚያው ከላይ አወረድኩት። ገባ። መዳፌን ዘርግቼ መታሁት። አንደኛው፣ ሁለተኛው ምንም። ሦስተኛው ላይ «ጠቅ» አለ። ያቺን ድምፅ ስሰማ ባለቤቴን ጠርቼ ነገርኳት። የቀረውን በኬቲሲው ቀለበት እያዞርኩ ጨረስኩ። ልቆርጠው የገዛሁትን ቁልፍ እስካሁን አልነካሁትም፤ ለዲናሞው ቺንጋ ብሎን ይሆነኛል ብዬ አስቀምጬዋለሁ።

ካርቦኑ እንዳሉት ነው፤ አንዱ ሊያልቅ የጥፍር ያህል ነው የቀረው። ሰፈራችን ያለ አውቶ ኤሌክትሪሺያን ጋ ወስጄ አስቀየርኩ። የላይኛውን ብሎን አዲስ አድርጌዋለሁ። የተላጠውን መልሼ ማሰር አልፈለግሁም። ስመልሰው ግራሶውን ተጠቅሜ፣ ሦስቱን ዙር በጣቴ አሰርኩ።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳች። የተረፈኝን ብር አስቀምጫለሁ። ቤቲ፣ የነገርሽንን ባለ መመለሻውን 12 ቁጥር ሳገኝ እገዛዋለሁ። የሞርሳው ልጅ፣ አንድ ቀን መጥቼ ማጠፉን አሳየኝ፤ ሻይ በእኔ ነው።

ዲዛየር ሐዋሳ

እንኳን ደስ አለህ። መገጣጠሚያውን የገዛኸው ባለ ግማሽ ኢንች ነው ወይስ ባለ ሩብ? እኔም ልገዛ ነው።

ጀሞው ሹፌር

ባለ ሦስት ስምንተኛ ነው። ባለ ግማሹ ሶኬቱን ያወፍረዋል፤ ቱቦው ጋ ሲደርስ አያልፍም ነበር። ባለ ሩቡ ደግሞ ለ14 ቁጥር ደካማ መሰለኝ። ሶኬትህንና ማራዘሚያህን አይተህ በዚያው ልክ ግዛ።